በአፕ ወደ አገር ቤት ገንዘብ መላክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገንዘብ ልላክ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስም ሆኖ ይገኛል፤ አንዲት ፊደል ትጎድላለች፣ እናት ባንክ ቤት ድረስ ሄደው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከታች የስሙ ጉዳይ ረዘም ያለው ለዚህ ነው። መልሶቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ለሚልክ ሰው የተጻፉ ናቸው፤ የአውሮፓውና የዐረብ አገሩ የሚለይበት ቦታ ላይ ለብቻው ተጠቅሷል።

የትኛው አፕ ይሻላል?

ሁልጊዜ የሚበልጥ አፕ የለም። ሬሚትሊ፣ ወርልድሬሚት፣ ሴንድዌቭ፣ ታፕታፕ ሴንድ፣ ሪያ፣ መኒግራም፣ ዌስተርን ዩኒየን ሁሉም ወደ ኢትዮጵያ ይልካሉ፤ ምንዛሪያቸውንም ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ። ባለፈው ወር ለጎረቤትዎ ጥሩ የሰጠው ዛሬ ለእርስዎ ላይሰጥ ይችላል። ሁለት ሦስት አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑና ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያወዳድሩ፦ ከኪሴ ይህን ያህል ዶላር ሲወጣ እዚያ ስንት ብር ይገባል?

ለማሳያ ያህል፣ አንዱ አፕ 3.99 ዶላር አስከፍሎ በ140 ብር ይመነዝራል እንበል። ሌላው «ክፍያ የለም» ብሎ በ136 ይመነዝራል። 200 ዶላር ይዘው ቢነሱ በመጀመሪያው 27,441 ብር፣ በ«ነፃው» 27,200 ብር ይደርሳል። በነፃ ላክሁ ያለው ሰው ሳያውቀው 241 ብር ከፍሏል። የሚላከው 50 ዶላር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በመጀመሪያው 6,441፣ በሁለተኛው 6,800 ብር። ትንሽ ገንዘብ ላይ ቁርጥ ክፍያው ይጎዳል፣ ትልቅ ገንዘብ ላይ ደግሞ ምንዛሪው። «እነ እገሌ ርካሽ ናቸው» የሚለው ወሬ የማያስኬደውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ መጀመሪያ ሲመዘገቡ የሚያሳዩዎት አማላይ ምንዛሪ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ደንበኛ፣ ለአንድ ጊዜ፣ ያውም እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። ይጠቀሙበት፤ ግን በእሱ ተማርከው ዓመቱን ሙሉ እዚያው አፕ ላይ አይቅሩ።

ምንዛሪው ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል? ድሮ አንድ ዓይነት አልነበረም?

ነበር ማለት ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ እስኪለቅ ድረስ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በባንኮች መካከል የነበረው ልዩነትም የሳንቲም ያህል ነው። አሁን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ይለጥፋል። አፑ የሚሰጥዎት ደግሞ የራሱ የአፑ ዋጋ ነው፤ የባንኩን ሰሌዳ አይተው «ለምን ይህን አልሰጣችሁኝም» ቢሏቸው አይሰሙዎትም። ባንኮች ሐዋላ ለሚቀበሉ ደንበኞች፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፣ ሽልማት የሚያወጡበት ጊዜ አለ። ተቀባዩ ባንኩን ጠይቆ ይወቅ።

በምን ልክፈል? በዴቢት፣ በክሬዲት ወይስ በቀጥታ ከባንክ?

በዴቢት ካርድ ሲከፍሉ ፈጣን ነው። በቀጥታ ከባንክ አካውንትዎ ሲቆረጥ ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ግን የእርስዎ ባንክ ገንዘቡን እስኪለቅ ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ክሬዲት ካርድን ይተዉት። ብዙ ካርድ ሰጪ ባንኮች ይህን ዕቃ እንደ መግዛት ሳይሆን ካሽ እንደ ማውጣት ይቆጥሩታል፤ ለብቻው ክፍያ ይጨምሩበታል፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ይህን አፑ ሳይሆን በወር መጨረሻ የካርዱ ሂሳብ ነው የሚነግርዎት።

አሜሪካ በሚላክ ገንዘብ ላይ ታክስ ጀመረች የሚባለው እኔን ይነካኛል?

በካሽ ካልከፈሉ አይነካዎትም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ከፍሎ የሚልክ ሰው ላይ 1 ከመቶ ይታሰባል። ከአሜሪካ ባንክ አካውንት ወይም አሜሪካ ውስጥ በተሰጠ ዴቢት ወይም ክሬዲት ካርድ የሚከፈለው አይታሰብበትም። ሱቅ ሄደው ካሽ ቆጥረው የሚልኩ ታላላቆቻችን ናቸው የሚከፍሉት፤ አንድ እሑድ ከእነሱ ጋር ተቀምጦ አፑን ስልካቸው ላይ መጫን ያዋጣል።

«ስሙ አይመሳሰልም» ተብሎ ተመለሰብኝ። ምንድን ነው ችግሩ?

የአገራችን ሰው ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አፑ ደግሞ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብሎ ሁለት ሳጥን ይሰጥዎታል። የመሐል ስም ሳጥን ካለው የአባትን ስም እዚያ፣ የአያትን መጨረሻው ላይ ያስገቡ። ከሌለው የአባትና የአያትን ስም አንድ ላይ መጨረሻው ሳጥን ውስጥ ይጻፉ። ሦስቱም ስሞች በተቀባዩ መታወቂያ ወይም የባንክ ደብተር ላይ ባሉበት ተራ መግባታቸው ነው ዋናው።

ከዚያ የእንግሊዝኛው ፊደል አለ። ዮሐንስ በ«ዋይ» ይጀምራል ወይስ በ«ጄ»? ፀሐይ በ«ቲ» ነው በ«ኤስ»? መኮንን ስንት «ኤን» አለው? ሁሉም ትክክል ነው፤ ባንኩ የሚቀበለው ግን መዝገቡ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ጥንድ ስሞች ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ገብረ መድኅን፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴ አንድ ቦታ ተያይዘው፣ ሌላ ቦታ ተለያይተው ይጻፋሉ። አካውንቱን የከፈተው ሠራተኛ «ገብረ»ን የራስ ስም፣ «መድኅን»ን የአባት ስም አድርጎ መዝግቦት ከሆነ፣ እርስዎ አያይዘው የላኩት ገንዘብ ባለቤት ያጣል።

የቤት ስምም ሰውን ያሳስታል። ዕድሜ ልክዎን ብርቄ ብለው የጠሯቸው አክስት መታወቂያቸው ላይ ብርቅነሽ ናቸው።

ስለዚህ በግምት አይጻፉ። ተቀባዩ የባንክ ደብተሩን ወይም መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት፣ እርስዎም ከፎቶው ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። አንድ ጊዜ በትክክል ከተመዘገበ አፑ ያስቀምጠዋል።

የሚረሳ ነገር ቢኖር የላኪው ስም ነው። ገንዘቡ በካሽ የሚወሰድ ከሆነ ባንኩ «ማን ላከልዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ዜግነት ሲወስዱ ወይም ሲያገቡ ስምዎን ለውጠው ከሆነ፣ እናትዎ የሚናገሩት እሳቸው ያወጡልዎትን ስም ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። አፑ ላይ ያለውን ሙሉ ስምዎን በጽሑፍ ይላኩላቸው።

የእናቴ መታወቂያ የልደት ዘመናቸውን 1950 ይላል። አፑ ሲጠይቀኝ እሱኑ ልጻፍ?

አይጻፉ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ አፑ የሚፈልገው የፈረንጁን ነው። ልደታቸው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ከሆነ 7 ዓመት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ዓመት ይጨምሩ፤ የ1950ው 1957 ወይም 1958 ይሆናል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሆነ በቀን መቀየሪያ ያረጋግጡ። የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ካርድ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ስላለ እሱን ካወጡ ነገሩ ቀላል ነው። በነገራችን ላይ ባንኮች አዲስ አካውንት ለመክፈትም ፋይዳ እየጠየቁ ስለሆነ ያላወጣ ዘመድ ካለዎት ቢገፋፉት ይሻላል። ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ካሽ ለመቀበል የሚሄድ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

አካውንት ውስጥ ልክተት፣ በቴሌብር ልላክ ወይስ በካሽ ይውሰዱት?

ይህን የሚወስነው ተቀባዩ መሆን አለበት። ላኪው ለራሱ የሚቀለውን ይመርጥና ሰውዬው ለ30 ኪሎ ሜትር መንገድ ሚኒባስ ይሳፈራል።

አካውንት ያለው ሰው ከሆነ አካውንቱ ይሻላል፤ ማንም ሳይሰለፍ ይገባል፣ ማስረጃም ይኖራል። የንግድ ባንክ አካውንት ቁጥር 13 አሃዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል፤ 12 ብቻ ከቆጠሩ አንድ አሃዝ ዘለዋል ማለት ነው። አዋሽ፣ ዳሽን፣ አቢሲንያና ሌሎቹ የየራሳቸው አጻጻፍ አላቸው።

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ለትናንሽ መጠን ምቹ ነው። ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው *127# ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩን ሲያስገቡ ከ251 በኋላ ያለችውን ዜሮ ይተዉ። ቁጥሩ በማን ስም እንደ ተመዘገበም ይጠይቁ፤ እናት የሚይዙት ሲም ካርድ በልጃቸው ስም የወጣ ከሆነ ቴሌብሩም የልጁ ነው፣ በእናት ስም የላኩት ሊመለስ ይችላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወይም በተዘጋበት አካባቢ ግን ቴሌብር ላይ ብቻ አይተማመኑ።

በካሽ ከሆነ ሚስጥር ቁጥሩን በትክክል ያስተላልፉ። የዌስተርን ዩኒየኑ 10 አሃዝ፣ የመኒግራሙ 8 አሃዝ ነው። በስልክ እያነበቡ ከመንገር በጽሑፍ መላክ ይሻላል፤ ግን ለተቀባዩ ብቻ ይሁን። ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ ከየት እንደመጣ ያልገባኝ ልማድ ነው።

ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?

በካርድ ከፍለው ወደ አካውንት ወይም ቴሌብር ከሆነ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል። የሚዘገየው አፑ ማጣራት ሲፈልግ፣ ወይም ባንኩ ሲዘጋ ነው። ዋሽንግተን ላይ ዓርብ ማታ 8 ሰዓት በፈረንጁ ሲልኩ አዲስ አበባ ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ሆኗል። ቅዳሜ ባንኮች ይሠራሉ፣ እሑድ ግን የካሽ መስኮት አይጠብቁ። ለፋሲካ የሚልኩ ከሆነ ስቅለት ዝግ ስለሆነ ከሆሳዕና በፊት ቢልኩ ጥሩ ነው፤ በግ ደግሞ ቅዳሜ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው።

ከአካውንቴ ተቆርጧል፣ እዚያ ግን አልደረሰም።

መጀመሪያ አፑ ላይ ያለውን ሁኔታ ይመልከቱ። «በሂደት ላይ» የሚል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሰነድ ተፈልጎ ኢሜይል ልከውልዎት ሳያዩት ቀርተዋል። «ደርሷል» የሚል ከሆነ የማጣቀሻ ቁጥሩን ለተቀባዩ ይላኩ፣ ተቀባዩም ወደ ባንኩ ሄደው በዚያ ቁጥር እንዲፈለግላቸው ይጠይቁ። «የልጄ ገንዘብ አልገባም» ከማለት ቁጥሩን መስጠት ብዙ ያሳጥራል።

ከአሜሪካ የላኩ ከሆነ ሕጉ ይረዳዎታል። ድርጅቱ ከመክፈልዎ በፊት ምንዛሪውን፣ ክፍያውንና የሚደርሰውን መጠን የማሳየት ግዴታ አለበት። ስህተት ከተፈጠረ ገንዘቡ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላሉ፤ ድርጅቱም በ90 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ካልሰሙዎት ለፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤት ማለት ይቻላል። በስልክ የተባለውን ሁሉ በኢሜይልም ይድገሙት፤ በኋላ የሚያዝልዎት የተጻፈው ነው።

ተሳስቼ ልኬአለሁ፣ ማስመለስ እችላለሁ?

ከአሜሪካ ከሆነ በከፈሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ገንዘቡ ገና ካልተወሰደ ወይም አካውንት ውስጥ ካልገባ፣ ሰርዘው ክፍያውን ጨምሮ ሙሉውን መመለስ መብትዎ ነው። በደቂቃ የሚደርስ ከሆነ ግን ይህ መብት ብዙ አይጠቅምም፤ ሌላ ሰው አካውንት ውስጥ የገባ ብር ያለ ባለ አካውንቱ ፈቃድ በቀላሉ አይወጣም። አዲስ ሰው ጋ ሲልኩ መጀመሪያ 10 ዶላር ልከው መድረሱን ያረጋግጡ።

ለዓመታት ገንዘብ ስልክ ቆይቼ ዛሬ የደመወዝ ወረቀት ጠየቁኝ። ምን አድርጌ ነው?

ምናልባት ምንም። የሚልኩት ድምር አንድ ደረጃ ሲያልፍ ድርጅቶቹ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግዴታቸው ነው። ስምዎ በማዕቀብ ዝርዝር ላይ ካለ ሰው ስም ጋር ሲመሳሰልም ይከሰታል፤ መሐመድ የሚባል ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጠየቁትን ይላኩና ይጠብቁ። ተናድደው በሌላ ስልክ ሁለተኛ አካውንት ከከፈቱ ሁለቱንም ሊዘጉብዎት ይችላሉ። ከጥያቄ ለማምለጥ ብሎ ብዙ ካሽ ከ10,000 ዶላር በታች እየከፋፈሉ ማስገባት ደግሞ በአሜሪካ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም።

«በጎን» ብልክ ብዙ ብር ይገኛል ይባላል። እውነት ነው?

ልዩነቱ አለ፤ የለም ብሎ መከራከር ሰውን መናቅ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩ እጥፍ ገደማ ስለነበር፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ለሚልክ ልጅ ስለ ሕግ መስበክ ከባድ ነበር። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም።

አሠራሩን ግን ይወቁት። እዚህ ለአንድ ሰው ዶላር በዜል (ከአሜሪካ ባንክ ወደ አሜሪካ ባንክ በስልክ በሚላክበት አገልግሎት) ይልካሉ፤ እዚያ እርስዎ የማያውቁት ሌላ ሰው ከራሱ አካውንት ለእናትዎ ብር ያስገባል። ዶላሩ ኢትዮጵያ አይገባም፣ ደረሰኝ የለም፣ በዜል ፈቅደው የላኩትን ባንክዎ አይመልስልዎትም። የከፋው እዚያ ያለው ነው፦ ብሩን ያስገባው ሰው ምርመራ ቢደረግበት ገንዘብ የላከላቸው አካውንቶች አብረው ሊታገዱ ይችላሉ። የ70 ዓመት አሮጊት ባንክ ተጠርተው «ይህን ሰው ከየት ያውቁታል?» ሲባሉ ምን ይመልሱ? ለቤት መግዣ ከሆነማ ጭራሽ አይሞክሩት፤ ነገ ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልግዎታል።

ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የላቸውም ያላቸውን ድርጅቶች በስም እየጠራ አስጠንቅቋል። አፕ ስላለው ብቻ ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ የስቴትዎ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ፣ በእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው የኤፍሲኤ መዝገብ ላይ ስሙን ፈልገው ያረጋግጡ።

ዐረብ አገር ነኝ። አፑ አልቀበልም አለኝ።

በሳዑዲ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ በኤምሬትስ የነዋሪ መታወቂያ ከሌለ ሕጋዊ አፕም ሆነ የምንዛሪ ቤት አያስተናግድም። ኢቃማ እያላቸው የሚከለከሉ እህቶችም አሉ፤ ምክንያቱ ሲም ካርዱ ነው። ማዳም በራሷ ስም ገዝታ የሰጠቻት ቁጥር ከኢቃማዋ ጋር ስለማይገናኝ አፑ አያምናትም። በራስሽ ኢቃማ ሲም ማውጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

በሰው ኢቃማ መላክ የተለመደ ነው፤ ግን ገንዘቡ በሕግ ፊት የባለ ኢቃማዋ ነው። ቢጠፋ መጠየቅ የምትችለው እሷ እንጂ አንቺ አይደለሽም። እሷም ከደመወዟ በላይ ስትልክ ከታየች ጥያቄ ይነሣባታል። ሌላ መንገድ ከጠፋ ደረሰኙን እዚያው ፎቶ አንሺ፣ ቤት ደውለሽ መግባቱን ሳታረጋግጪም አትለያዪ። የዓመት ደመወዝ አጠራቅሞ ለአንድ «ወኪል» በአንድ ጊዜ መስጠት ግን በምንም ምክንያት አይሁን።

እናቴ በዶላር መቀበል ይችላሉ?

በአፕ የሚላከው የሚከፈለው በብር ነው። ዶላሩ ዶላር ሆኖ እንዲቀመጥ ከፈለጉ የውጭ ምንዛሪ አካውንት ያስፈልጋል፤ ዳያስፖራው በስሙ መክፈት ይችላል፣ ከ2016ቱ ማሻሻያ ወዲህም ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ነዋሪዎች እንዲከፍቱ ተፈቅዷል። ወደዚያ የሚላከው በባንክ ዋየር፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ በሚደረግ ዝውውር ነው። ኢትዮጵያ አይባን (የአውሮፓ ባንኮች የሚጠቀሙበትን ረጅም የአካውንት ቁጥር) ስለማትጠቀም የአውሮፓ ባንክ ፎርም ላይ የአካውንት ቁጥሩንና የባንኩን ስዊፍት ኮድ (ዓለም አቀፍ መለያ) ይሞላሉ። የአሜሪካ ባንኮች ለዋየር ብዙ ጊዜ 40 ዶላር አካባቢ ስለሚያስከፍሉ ለወርኃዊ ቀለብ አይሆንም።

ብዙ ገንዘብ ብልክ እዚህ ታክስ አለው?

ስጦታ ከሆነ ለአንድ ሰው በዓመት ከ19,000 ዶላር በላይ ሲሆን ለአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት ፎርም መሙላት ይጠበቅብዎታል፤ ይህ የ2025 እና የ2026 መጠን ነው። ፎርም ሞሉ ማለት ታክስ ከፈሉ ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ሰው ምንም አይከፍልም።

ወንድሜ በቴሌግራም «ቶሎ ብር ላክልኝ፣ በኋላ እነግርሃለሁ» አለኝ።

ይደውሉለት። ካላነሣ ለሚስቱ ወይም ለጎረቤቱ ይደውሉ። ሰው ታመመ፣ ታሰረ፣ መኪና ገጨ የሚሉ መልእክቶች ከተጠለፈ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ይመጣሉ፤ ሁሉም አስቸኳይ ናቸው፣ የሚሰጡት አካውንት ደግሞ የሌላ ሰው ስም ነው። አገር ቤት ላሉትም ይንገሯቸው፦ «ከቴሌብር ነው የምንደውለው፣ ፒንዎን ይንገሩን» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

በየወሩ በራሱ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል?

አንዳንዶቹ አፖች ይህ አገልግሎት አላቸው። የሚላከው በዚያን ቀን ባለው ምንዛሪ ስለሆነ ማወዳደሩ ይቀርብዎታል። ካርድዎ ጊዜው ሲያልፍበት ሳይልክ ዝም ሊል ስለሚችልም የካርዱን ማብቂያ ወር ስልክዎ ላይ ማስታወሻ አድርገው ይያዙት።